መስታወቱን ሸፍኖ ቁልፉን መስጠት፦ ከደሴ ሞባይል ጥገና ቤት የተጻፈ የስልክ አያያዝ መመሪያ

ፒያሳ አካባቢ ካለችው ጠባብ ጥገና ቤቴ የሚገባ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚለኝ ከሁለት አንዱን ነው፤ "መስታወት ለጥፍልኝ" ወይም "ባትሪው ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነው፣ እስቲ እየው።" ስልኩን ሲያቀብለኝ ደግሞ ሳልጠይቀው የመክፈቻ ቁጥሩን ይነግረኛል። አንዳንዱማ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከከቨሩ ውስጥ ሸጉጦታል። በቅርቡ አንዲት እናት የቴሌብራቸውን ሚስጥር ቁጥር ጭምር ነገሩኝ። "አንተ ልጄ ነህ፣ ምኑን ልደብቅህ" አሉ። ልጃቸው መሆኔ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን አጠገቤ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ተራ እየጠበቁ ነበር።

ለመስታወቱ የምንጨነቀውን ያህል ለቁልፉ አንጨነቅም። የተሰበረ መስታወት በአንድ ቀን ይቀየራል፤ ከሒሳብ የወጣ ብር ግን እንዲህ በዋዛ አይመለስም። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል ደንበኛ ከሚጠይቀኝ ተቃራኒ ነው፤ ቁልፍና ገንዘብ ይቀድማሉ፣ ባትሪና ዳታ ይከተላሉ። የሴቲንግ ስሞች ከቴክኖ ወደ ሳምሰንግ፣ ከአሮጌ ወደ አዲስ ስልክ ትንሽ ይለያያሉ። ካጡት ሴቲንግ ውስጥ ከላይ ባለችው መፈለጊያ ላይ ቃሉን ይጻፉ፤ ይመጣልዎታል።

1. ስክሪኑን በቁጥር ይቆልፉ

ሴቲንግ ይክፈቱ፣ "ሴኩሪቲ" ወይም "ስክሪን ሎክ" የሚለው ውስጥ ይግቡ፣ "ፒን" ይምረጡና ስድስት አኃዝ ያስገቡ። የተወለዱበት ዓመት፣ የስልክዎ መጨረሻ ቁጥሮች፣ 123456 አይሁን። ፓተርን አልመክርም። ጣት መስታወቱ ላይ የቅባት መስመር ትቶ ያልፋል፤ ስልኩን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ የሚያይ ሰው መስመሩን ያነበዋል። ባጃጅ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ የተቀመጠ ሰውም ከስድስት ቁጥር ይልቅ አንድ መስመር ማስታወስ ይቀለዋል። አሻራ ካለው አሻራውን ይጨምሩ፤ ሰው ፊት ቁጥር ከመንካት ያድናል።

እዚያው ሳሉ ሁለት ነገር ይጨርሱ። አንደኛ፣ ስክሪኑ በ30 ሰከንድ ውስጥ ራሱ እንዲቆለፍ ያድርጉ። ሁለተኛ፣ "ኖቲፊኬሽን" ውስጥ ገብተው ስልኩ እንደተቆለፈ የመልእክቱ ይዘት እንዳይታይ ያድርጉ። ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። ባንኩ የላከው የማረጋገጫ ኮድ በተቆለፈው ስክሪን ላይ ቁልጭ ብሎ ከተነበበ፣ መቆለፉ ለሌባው ብዙም አላስቸገረውም ማለት ነው።

2. ሲሙንም ይቆልፉ

ስክሪን መቆለፍ ሲም አይቆልፍም። ሌባ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ሲከተው ጥሪዎ፣ አጭር መልእክትዎ፣ የቴሌግራም ኮድዎ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። የሲም ፒን ያለው ሲም ግን ስልክ በተቀየረ ወይም ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር "ቁጥሬን አስገባ" ይላል።

ሴቲንግ፣ ሴኩሪቲ፣ "ሲም ካርድ ሎክ" ብለው ይግቡ። ሲከፍቱት ነባሩን ፒን ይጠይቅዎታል፤ እሱ ሲሙ ተቆርጦ በወጣበት ካርድ ላይ ይገኛል። በግምት አይሞክሩ! ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ይዘጋና ፑክ የሚባል 8 አኃዝ ቁጥር ይጠይቃል። ፑኩን 10 ጊዜ ከተሳሳቱ ደግሞ ሲሙ እስከ መጨረሻው ይሞታል። ካርዱ ከጠፋብዎ መታወቂያ ይዘው ወደ ቴሌ ማዕከል ጎራ ይበሉ። ነባሩ ከገባ በኋላ ወደ ራስዎ ቁጥር ይቀይሩት።

3. ወረቀት ላይ ይጻፉ

*#06# ብለው ይንኩ፤ መደወያውን መጫን እንኳ ሳያስፈልግ 15 አኃዝ ቁጥር ይወጣል። ይህ የስልኩ መለያ ነው። ባለ ሁለት ሲም ስልክ ሁለት መለያ ያሳያል፤ ሁለቱንም ከገዙበት ደረሰኝ ጋር ጽፈው ቤት ያስቀምጡ። ስልክ ሲጠፋ ፖሊስ የሚጠይቅዎ ይህንኑ ነው።

ከእሱ በታች የአምስት ሰው ስልክ ቁጥር ይጨምሩ። ከነሱም ሁለቱን በቃልዎ ያጥኑ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲደርስ አብሮን የወጣ ጎረቤት ነበረኝ። ኔትወርክ ያለበት ስንደርስ የእሱ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነበር። የኔን አውጥቼ ሰጠሁት፤ ይዞት ቆመ። ለካ ሰውየው የሚስቱን ቁጥር አያውቀውም፤ እሱ የሚያውቀው ስሟን መንካት ነው።

4. ገንዘቡን ይጠብቁ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ፣ ከዚያም ኤም-ፔሳና የባንኮቹ መተግበሪያዎች ሲስፋፉ፣ ስልክ ኪስ ሆኗል። ሌብነቱም ተከትሎ መጥቷል። እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ እያለቀሱ የነገሩኝን ሰዎች ታሪክ ስመድበው ከአራት ዓይነት አያልፍም።

የመጀመሪያው "ከቴሌ ነው የምደውለው" ወይም "ከባንክ ነው" የሚለው ነው። ስምዎን ጠርቶ፣ ሽልማት ደርሶዎታል ወይም ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው ብሎ፣ "አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ" ይላል። የትኛውም ባንክ ሚስጥር ቁጥርዎንም ሆነ የደረሰዎትን ኮድ በስልክ አይጠይቅም። ስልኩን ይዝጉት። መልሰው መጠየቅ ከፈለጉ ራስዎ ይደውሉ፤ ለቴሌ 994፣ ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951።

ሁለተኛው ኮድ የሚያስነካው ነው። "ኮከብ ኮከብ 21 ኮከብ፣ ከዚያ ይህን ቁጥር፣ ከዚያ መሰላል" ይላል። ይህ የእርስዎን ጥሪ ወደ እሱ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። በድምፅ የሚነገር ማረጋገጫ ካለ እሱ ጋ ይጮኻል ማለት ነው። ከነኩት *#21# ብለው ይመልከቱ፤ ዞሮ ካገኙት ##002# ብለው ይሰርዙት።

ሦስተኛው "በስህተት ብር ላኩብሽ፣ መልሺልኝ እህቴ" የሚለው ነው። ከጥሪው በፊት ብር እንደገባ የሚናገር መልእክት ይደርሳል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው 127 ከሚል ላኪ ነው፤ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር የመጣ ከሆነ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው። መልእክቱን ትተው *127# ብለው ወይም በመተግበሪያው ቀሪ ሒሳብዎን ይዩ። በእርግጥም ገብቶ ከሆነ እንኳ ከኪስዎ አይላኩ፤ ወደ 127 ደውሎ በሥርዓቱ እንዲያስመልስ ይንገሩት።

አራተኛው ነጋዴውን የሚመለከት ነው። ሰኞ ገበያ በግርግሩ መሀል ገዢው "ልኬያለሁ፣ ይኸው" ብሎ የደረሰኝ ፎቶ ያሳያል። ፎቶ ደግሞ ስልክ ላይ በሁለት ደቂቃ ይሠራል። ብር ገባ የሚባለው እርስዎ ስልክ ላይ፣ ሒሳብዎ ውስጥ ሲታይ ነው። ኔትወርክ ተጨናንቆ መልእክቱ ከዘገየ ሰውየው ይጠብቅ፤ ጤፉ የትም አይሄድም። ሰው ማስጠበቅ ነውር የሚመስላቸው አሉ፤ እኔም የወሎ ልጅ ነኝና ይገባኛል። ግን "ኔትወርኩ እስኪመጣ ቁጭ በል፣ ቡና ጠጣ" ማለት ሰውየውን አያስቀይምም።

ከነውር ጋር የተያያዘ ሌላም አለ፤ "አንዴ ልደውልበት" የሚል መንገደኛ። እምቢ ማለት ከበደዎት? ስልኩን አያቀብሉት። ቁጥሩን ይንገርዎት፣ እርስዎ ይደውሉ፣ ላውድ ላይ አድርገው ይያዙለት።

መተግበሪያ ከፕሌይ ስቶር ብቻ ይጫኑ። በቴሌግራም ፋይል ሆኖ የሚመጣ "አዲሱ የባንክ መተግበሪያ" ወይም "ነፃ ዳታ የሚሰጥ" የሚባል ነገር ሲከፈት መልእክትዎን ለማንበብ ፈቃድ ይጠይቃል። ከፈቀዱለት ኮድዎን ከእርስዎ ቀድሞ ያያል።

5. ቴሌግራምና ዋትሳፕ

ሁለቱም ላይ "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" የሚባል አለ፤ በመልእክት ከሚመጣው ኮድ ላይ የራስዎን የይለፍ ቃል ይጨምራል። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ "ፕራይቬሲና ሴኩሪቲ" ይግቡ፣ ዋትሳፕ ላይ "አካውንት" ይግቡ። ከዚያ ቴሌግራም ላይ "ዲቫይስ" የሚለውን ይንኩ። አካውንትዎ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ይዘረዘራሉ። የማያውቁት ካለ፣ ወይም አንድ ቀን ኢንተርኔት ቤት ከፍተው የረሱት ካለ፣ ያባርሩት።

ጓደኛዎ በጽሑፍ "አስቸኳይ ብር አበድሪኝ" ካለችዎት ድምፅዋን ሳይሰሙ አይላኩ። አካውንቷ ተሰርቆ ይሆናል።

6. ባትሪ፦ ደሴ ሌላ፣ ኮምቦልቻ ሌላ

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። ሐረጎን ጠምዘዝ ጠምዘዝ ብለው ሲወርዱ ጃኬት እንደሚያወልቁ ሁሉ ባትሪውም የአየሩን ለውጥ ያውቀዋል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት "15 ከመቶ እያለው ድርግም አለ" ብለው ይመጡብኛል። ሊቲየም ባትሪ ሲበርደው ውስጡ ያለው ኬሚካል ይዘገያል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ስልኩም አለቀ ብሎ ይጠፋል። ያረጀ ባትሪ ላይ ይብሳል። ሙቀት ሲያገኝ ይመለሳል፤ ስለዚህ በብርድ ጠዋት ስልኩን በውጪ ኪስ ሳይሆን ከጃኬቱ ሥር፣ ገላዎ አጠገብ ይያዙት። ከሰል ላይ ማሞቅ ግን አይታሰብ! የምቀልድ ከመሰለዎት፣ ከጀበናው አጠገብ ተቀምጦ ጀርባው የቀለጠ ስልክ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ብርድ የሚወስደውን ይመልሳል፤ ሙቀት ያቃጠለውን አይመልስም። ኮምቦልቻ ላይ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ስልኩን ዳሽቦርድ ላይ የሚተው ሾፌር ባትሪውን በየቀኑ እያሳጠረው ነው። ትራስ ሥር አድርጎ ቻርጅ ማድረግም እንዲሁ። ቻርጅ ላይ እያለ ከጋለ ከቨሩን ያውልቁለት።

"አዲስ ስልክ 8 ሰዓት ቻርጅ ይደረግ፣ ከዚያ እስከ ዜሮ ይጨረስ" የሚባለው የድሮ ባትሪ ወግ ነው። የዛሬው ባትሪ ከ20 እስከ 80 ከመቶ መካከል መቆየት ይመቸዋል። ሁልጊዜ ይህን ማሟላት አይቻልም፤ ነገ መብራት የሚሄድ ከሆነ 100 ይሙሉት፣ ምንም አይሆንም። ባትሪው አብጦ ጀርባውን ከገፋው ግን ቻርጅ ማድረጉን ያቁሙ፤ አይጫኑት፣ አይብሱት። ወዲያው ጥገና ቤት ያምጡት።

ባትሪ የሚበላው በዋናነት የስክሪን ብርሃን ነው፤ ይቀንሱት። ቀጥሎ ደካማ ኔትወርክ ነው። ከተማችን ከጦሳ ሥር፣ በተራሮች መሀል ናት፤ ጉድጓዳማ ሰፈር ወይም የተራራ ጥግ ላይ ስልኩ ማማውን ለማግኘት ኃይሉን ሲጨምር ይውላል። ረጅም መንገድ ሲሄዱ ዳታውን ይዝጉ፤ ጥሪ የማይጠብቁ ከሆነ "ኤርፕሌን ሞድ" (የበረራ ሁነታ) ላይ ያድርጉት።

"ቻርጅ አያደርግም" ተብለው ከሚመጡልኝ ስልኮች ውስጥ ብዙዎቹ ቀዳዳቸው በኪስ ብናኝ የተሞላ ነው። ስልኩን ያጥፉ፣ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብለው ያውጡት። መርፌ አይጠቀሙ። ይህን መጻፌ ገበያዬን ይጎዳል፤ ይሁን።

7. መብራት ሲሄድና ሲመጣ

መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ይንቀሉ። ሲመለስ ወዲያው አይሰኩ፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል። አምፖሉ ሳይርገበገብ አምስት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይሰኩ። ሐምሌና ነሐሴ ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬት ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይነቀል፤ ቻርጅ ላይ በተሰካ ስልክም አያውሩ። ቻርጀር ሲገዙ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ክብደት የሌለው፣ ጽሑፉ የተንጋደደ ቻርጀር ርካሽ የሆነው በምክንያት ነው።

8. ዳታ

ቀድመው ፓኬጅ ይግዙ፤ ያለ ፓኬጅ ዳታ ሲከፈት ከዋናው ሒሳብ ይቆረጣል። የቀረዎትን በ*804# ያያሉ። ከዚያ ቀዳዳዎቹን ይድፈኑ፦ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ "ዳታና ስቶሬጅ" ገብተው በሞባይል ዳታ ቪዲዮና ፎቶ ራሱ እንዳይወርድ ያጥፉ፤ ፕሌይ ስቶርን በዋይፋይ ብቻ እንዲያድስ ያድርጉ፤ የስልኩን "ዳታ ሴቨር" ይክፈቱ። እዚያው ቴሌግራም ውስጥ "ስቶሬጅ ዩሴጅ" ገብተው ካሹን፣ ማለትም ወርዶ የተጠራቀመውን ፋይል፣ ያጽዱ። "ስልኬ ሞላ" የሚሉኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሞላባቸው ያላዩት የግሩፕ ቪዲዮ ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ *127# ያለ ዳታ ስለሚሠራ መተግበሪያውን ብቻ አይልመዱ፤ ይህንንም አንዳንዴ ይሞክሩት።

9. ውሃ ከገባበት

ያጥፉት፣ ሲሙን ያውጡ፣ ይጥረጉት፣ ቢያንስ ለአንድ ቀን አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ሩዝ ውስጥ መቅበር የረባ ነገር አይጨምርም። ፀጉር ማድረቂያና ከሰል ያበላሹታል። "ሠራ ወይስ አልሠራ" ብለው በየሰዓቱ አያብሩት፤ ውሃው ሳይሆን እርጥብ ሳለ መብራቱ ነው ቦርዱን የሚያቃጥለው።

10. ጥገና ቤት ሲሰጡ

ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን አውጥተው ኪስዎ ይክተቱ። መስታወት ለመለጠፍ፣ ስክሪን ወይም ባትሪ ለመቀየር የመክፈቻ ቁጥርዎ አያስፈልገኝም። ለሙከራ ካስፈለገ ራስዎ ከፍተው ይስጡኝና አጠገቤ ይቁሙ። አዳዲስ ሳምሰንግ ስልኮች ላይ "ሜንተናንስ ሞድ" የሚባል አለ፤ ከተከፈተ ጠጋኙ ስልኩን ይፈትሻል፣ ፎቶና መልእክትዎን ግን አያይም። ትተውት የሚሄዱ ከሆነ ቁጥርዎን ከመስጠትዎ በፊት ወደ ጊዜያዊ ይቀይሩት።

ሲሸጡት መጀመሪያ የጉግል አካውንትዎን ያውጡ፣ ከዚያ ሁሉንም አጥፍተው ወደ ፋብሪካ ይመልሱት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ስልኩ ለገዢው አልከፍት ይልና ጸቡ እኔ ጋ ይመጣል። አሮጌ ስልክ ሲገዙ ደግሞ ሻጩ ፊትዎ አካውንቱን እንዲያወጣ፣ ደረሰኝም እንዲያሳይ ይጠይቁ። ዙሪያ ጥምጥም ካበዛ ይተዉት።

11. ስልኩ ከጠፋ

አሁን ሩጫ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ከሰው ስልክ 994 ደውለው ሲሙን ያዘጉ። ቀጥሎ ለቴሌብርና ለባንክዎ ደውለው ሒሳቡን ያሳግዱ። ከዚያ በሌላ ሰው ስልክ በጉግል አካውንትዎ ገብተው "ስልኬን ፈልግ" በሚለው ይቆልፉት፤ እንደማይመለስ ካወቁ ያጥፉት። ይህ የሚሠራው ስልኩ በርቶ ኢንተርኔት ካገኘ ነው፤ የጉግል ይለፍ ቃልዎንም ማወቅ አለብዎ። ቴሌግራምዎ ሌላ ቦታ ክፍት ከሆነ የጠፋውን ስልክ ከዲቫይስ ዝርዝሩ ያባርሩት። ከዚህ በኋላ በቁጥር 3 የጻፉትን ወረቀት ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ።

ሌባው ራሱ ደውሎ "ስልኩን ላገኝልዎ፣ ጉርሻ ይላኩ" ሊል ይችላል። ብር አይላኩ፤ ብቻዎንም ሊያገኙት አይሂዱ።

በመጨረሻ መታወቂያ ይዘው ምትክ ሲም ያውጡ። ሲሙ የተቆረጠበትን ካርድ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጥለው አይውጡ፤ ፒኑና ፑኩ እሱ ላይ ነው ያሉት።